ከቄሱ ደብር እስከ ባለቅኔው መቃብር



ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአየርላንድ ደሴት፥ ስላይጎ በሚባለው አውራጃ፥ ራሱ እንደ አምባ የተስተካከለ ቤን ቡልበን የተባለ ተራራ አለ። በተራራው ግርጌ ድራምክሊፍ የምትባል መንደር ትገኛለች። ስፍራይቱ ከጥንት ጀምሮ የጸሎት ቦታ ናት፤ በ574 ዓ.ም. ቅዱስ ኮሉምባ ገዳም እንደ መሠረተባት ይነገራል፤ ከዚያም በኋላ የተሠራ ባለቅርጽ የድንጋይ መስቀልና የፈረሰ ክብ ግንብ እስከ ዛሬ ይታይባታል። ዛሬ ግን እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው መስቀሉን ለማየት ብቻ አይደለም። በዚያች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፥ ጌጥ በሌለው የድንጋይ ሰሌዳ ሥር፥ የአየርላንድ ታላቅ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ ተቀብሯል። በዚያ መቀበሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅድመ አያቱ ቄስ ጆን ዬትስ ከ1811 እስከ 1846 ድረስ የዚያች ደብር አለቃ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከቄሱ ሞት እስከ ባለቅኔው ቀብር መቶ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ቤተ ሰቡ ርስቱን አጣ፤ ክህነቱን ተወ፤ ዕዳ ወረሰ፤ ከአገር አገር ተንከራተተ። ይሁን እንጂ ስሙ ጠፍቶ በመቅረት ፈንታ፥ ርስቱ በእጁ በነበረበት ዘመን ፈጽሞ ወዳልደረሰበት ከፍታ ወጣ። ይህን ስናይ፥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እውነተኛ ሀብት የትኛው ነው? የሚል ጥያቄ በልባችን ያድራል። ዛሬ የዚህን ቤት ታሪክ ከሥሩ ጀምረን ብንመረምር፥ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ሳይረዳን አይቀርም።

የዬትስ ቤት መጀመሪያ የመሬት ጌታ አልነበረም። በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው አባት ጀርቪስ ዬትስ በደብሊን ከተማ የተልባ እግር ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበረ፤ የሞተውም በ1712 ነው። መሬት ወደዚህ ቤት የገባው በሰይፍም በንግድም ሳይሆን በጋብቻ ነው። የጀርቪስ የልጅ ልጅ ቤንጃሚን በ1773 ሜሪ በትለር የተባለችውን ሴት አገባ። የበትለር ወገን በአየርላንድ ስሙ የተፈራ የጥንት መሳፍንት ዘር ነው። በእርስዋ በኩል ቶማስታውን የሚባለው በኪልዴር አውራጃ የሚገኝ ጥቂት መቶ ኤከር መሬት ወደ ዬትስ ቤት ገባ። ስለዚህም ወንዶቹ ልጆች ለብዙ ትውልድ «በትለር» የሚለውን ስም ከራሳቸው ስም ጋር አጣምረው ሲጠሩበት ኖሩ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ የቤተ ሰብ ታሪክ ዘወትር የሚቈጠረው በአባት በኩል ቢሆንም፥ ለዚህ ቤት ርስቱንም የተከበረውንም ስም ያመጣችለት ሴት ናት።

የዚህን ርስት ትርጕም በትክክል ለመረዳት የአገሩን ሁኔታ በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የአየርላንድ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በተደረጉት ጦርነቶችና በተከታተለው ውርስ መሬቱ ከእጁ ወጥቶ ለፕሮቴስታንት ባለርስቶች ተሰጠ። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፥ በ1641 ከመሬቱ ከመቶ 59 ያህሉ በካቶሊኮች እጅ ነበረ፤ በ1703 ግን ከመቶ 14 ብቻ ቀረላቸው። ከዚያም በኋላ ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛ፥ ያለውም ከፕሮቴስታንት ጋር በሕግ እኩል ሆኖ እንዳያወርስ የሚከለክሉ ሕጎች ወጡ። ሕጎቹ የላሉት ከ1778 ወዲህ ነው። እንግዲህ ቤንጃሚን ዬትስ ሜሪ በትለርን ባገባበት ዓመት፥ መሬት መያዝ ማለት በሕጉ የገዢው ወገን አባል መሆን ማለት ነበረ።

ልጃቸው ጆን በ1774 ተወለዱ። በደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምረው የትምህርት ሰው ሆኑ። በወጣትነታቸው በ1803 በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ተነሥቶ በስቅላት የተቀጣው የሮበርት ኤሜት ወዳጅ ነበሩ ይባላል፤ በዚህም ምክንያት ተጠርጥረው ለጥቂት ሰዓት ታስረው እንደ ተለቀቁ በቤተ ሰባቸው ሲነገር ኖሯል። ከዚህ በኋላ ግን ዐመፅ የሚባል ነገር በአጠገባቸው አላለፈም። በ1811 የድራምክሊፍ ደብር አለቃ ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም 35 ዓመት በዚያው አገለገሉ።

የቄሱ ኑሮ በሁለት ምሰሶ የቆመ ነበረ። አንደኛው የደብሩ ዐሥራት ነው። ሁለተኛው ከድራምክሊፍ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከቶማስታውን ጭሰኞች የሚሰበሰበው የመሬት ኪራይ ነው። ሁለቱም ገቢዎች አንድ የሚያሳፍር ጠባይ ነበረባቸው፤ የሚከፍለው ሰው ከተከፋዩ ጋር የሚገናኘው በመክፈል ብቻ ነበረ። ዐሥራቱን የሚከፍለው ገበሬ በአብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ የራሱን ቄስ በድኽነቱ እየረዳ፥ እግሩ ረግጧት ለማያውቅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከእህሉ ይቈርሳል። በ1861 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከመላው ሕዝብ ከመቶ 12 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል።

ይህ አለመመጣጠን ሳይፈነዳ አልቀረም። ከ1830 ጀምሮ ገበሬው ዐሥራት አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ በልዩ ልዩ ስፍራ ከፖሊስና ከወታደር ጋር ተጋጭቶ ደም ፈሰሰ። በ1838 በወጣው ሕግ ዐሥራቱ በሩብ ተቀንሶ ክፍያው ከገበሬው ወደ ባለርስቱ ተዛወረ። ባለርስቱም እንዲህ ያለውን ወጪ ከኪሱ አውጥቶ ዝም የሚል አይደለምና፥ ገንዘቡ በኪራይ ስም ተመልሶ ጭሰኛው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቄስ ጆን በጠባያቸው ደግ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የአንድ ሰው ደግነትና የአንድ ሥርዐት ፍትሕ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የቤተ ሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሁለቱን እንዳያደባልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ቄሱ ባረፉበት በ1846 የድንች በሽታ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ይህ በሽታ ያመጣው ረሃብ እስከ 1849 ዘልቆ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። በ1841 ከ180,000 በላይ ሕዝብ የነበረበት የስላይጎ አውራጃ፥ በ1851 ሲቈጠር ወደ 130,000 ገደማ ወርዶ ተገኘ። የቄሱ ስም በደብሩ መዝገብ ተጽፎ ቀርቷል። በተራራው ሥር እየተራቡ ከቤታቸው የወጡት ብዙዎቹ ግን የት እንደ ወደቁ የጻፈላቸው የለም። የዬትስን ቤት ታሪክ ስናነብ እነዚህ ስማቸው ያልተጻፈው ሰዎች ከጎናችን ቆመው እንደሚያዳምጡ እንቍጠር።

የቄሱ ልጅ ዊልያም በትለር በ1806 ተወልደው እንደ አባታቸው ቄስ ሆኑ፤ ስማቸውም ኋላ ለባለቅኔው የልጅ ልጃቸው ወጣለት። በሰሜን አየርላንድ በዳውን አውራጃ መጀመሪያ በረዳትነት፥ ቀጥሎም ታሊሊሽ በምትባል ደብር በአለቃነት አገለገሉ። ፈረስ መጋለብ እጅግ ይወዱ ስለ ነበረ፥ አለቃቸው የነበሩት ቄስ «ረዳት ካህን ይላክልኛል ብዬ ስጠብቅ፥ የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢ ተላከልኝ» እያሉ ያዝኑ ነበር ተብሎ በቤተ ሰቡ ሲሣቅበት ኖሯል። እኒህ ደስተኛ ቄስ በ1862 ዐረፉ፤ ከእርሳቸውም ጋር የዚህ ቤት ክህነት አብሮ ተቀበረ።

የቶማስታውን መሬት ለበኵር ልጃቸው ለጆን በትለር ዬትስ ደረሰው። ርስቱ ሲደርሰው ግን ዕዳም አብሮ ደርሶታል፤ መሬቱ በመያዣ ተይዞ ነበርና፥ ከኪራዩ ከፍ ያለው ክፍል ለወለድ ይከፈል ነበር። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደ ተባለው ነው። ጆን ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነው። የዘመኑን የሳይንስና የፍልስፍና መጻሕፍት አንብቦ የአባቶቹን ሃይማኖት ተጠራጥሯል፤ ስለዚህ ቄስ አልሆነም፤ ሕግ መማር ጀመረ። በ1863 ሱዛን ፖሌክስፌን የተባለችውን የስላይጎ ልጅ አገባ። አባትዋ መርከብና ወፍጮ ያላቸው ሀብታም ነጋዴ ናቸው። ሙሽራይቱ ባለ ትንሽ ርስትና የሕግ ጠበቃ የሆነ ሰው ያገባች መስሏት ነበር። ባልዋ ግን ለጥብቅና የተፈቀደለት በ1866 ሲሆን፥ በማግሥቱ ዓመት ሕጉን ጥሎ ሥዕል ለመማር ወደ ሎንዶን ተነሣ።

ጆን በትለር ዬትስ የሥዕል ተሰጥዎ ያለው፥ ጨዋታው የሚጣፍጥ፥ ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ ገንዘቡን መቀበል የማይሆንለት ሰው ነበረ። የጀመረውን ሥዕል ደጋግሞ እየፋቀ እንደገና ይጀምራል። የሚያሳድጋቸውም ልጆች አራት ናቸው፤ በ1865 ዊልያም፥ በ1866 ሊሊ የምትባለው ሱዛን ሜሪ፥ በ1868 ሎሊ የምትባለው ኤልሳቤጥ፥ በ1871 ጃክ ተወለዱ። ሌሎች ሁለት በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ኑሮ ሲጨንቅ እናቲቱ ልጆችዋን ይዛ ስላይጎ ወደሚገኘው ወደ ወላጆችዋ ቤት ትሄድ ነበር። እንግዲህ ልጆቹ የቤን ቡልበንን ተራራ፥ የባሕሩን ዳርና የአገሬውን ተረት ያወቁት፥ ወላጆቻቸው ድኻ ከመሆናቸው የተነሣ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሱዛን ግን ሎንዶንን ሳትወድ፥ ከ1887 ጀምሮ በሕመም ደክማ ኖራ በ1900 ዐረፈች። ባለርስት ነኝ ያለው ቤት በእርስዋ ላይ ያስከተለው ዋጋ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አልተጻፈም።

ወደ ርስቱ እንመለስ። በ1879 በምዕራብ አየርላንድ የመሬት ማኅበር ተቋቋመ፤ መሪዎቹም ማይክል ዴቪትና ቻርልስ ፓርኔል ነበሩ። ጭሰኛው የሚከፍለው ኪራይ ፍትሐዊ እንዲሆን፥ ከመሬቱ በግፍ እንዳይነቀል፥ በመጨረሻም የሚያርሰውን መሬት ራሱ እንዲገዛ ጠየቁ። በ1880 ቦይኮት የሚባለውን የአንድ ባለርስት ወኪል ጎረቤቱ ሁሉ አድሞ፥ የሚያጭድለትም የሚሸጥለትም ሰው እንዲያጣ አደረገው፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የማደም ስም ሆኖ የቀረው «ቦይኮት» የሚለው ቃል ከዚህ ሰው ስም የመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ከቶማስታውን ወደ ሎንዶን የሚሄደው ገንዘብ እየሳሳ ሄደ። በ1885 የእንግሊዝ ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ፤ በዚህም ሕግ መሠረት ጭሰኛው የመሬቱን ሙሉ ዋጋ ከመንግሥት ተበድሮ፥ በየዓመቱ ከመቶ አራት እየከፈለ በ49 ዓመት እንዲጨርስ ተፈቀደለት። በዚሁ ሕግ መሠረት በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የቶማስታውን መሬት ተሸጠ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለዕዳው ሆነ፤ ለቤተ ሰቡ የተረፈው ከቍጥር የሚገባ አልነበረም።

እነሆ፥ ሜሪ በትለር በጋብቻ ያመጣችው ርስት ከመቶ ዓመት ጥቂት ዘልሎ አለቀ። እንደኔ አስተያየት ይህ የሚታዘንበት ነገር አይደለም። መሬቱ ላብ ወዳፈሰሰበት ሰው ሄደ። ያን መሬት ሲያርሱ የኖሩት ቤተ ሰቦች ከሌላው አገር ሰው ፊት ቀና ብለው የሚሄዱበት ዘመን መጣላቸው። የዬትስም ቤት ቢሆን በዚያን ቀን የተነጠቀው ገቢውን ብቻ አይደለም፤ ሠርቶ ላለመብላት የሚያቀርበው ምክንያትም አብሮ ተወሰደበት። የዚህ ቤት ልጆች ሁሉ በእጃቸውና በአእምሯቸው ሥራ ስም ያወጡት ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እንጀራ ወደ ቤት ያመጡት ሴቶቹ ናቸው። ሊሊ ከ1888 ጀምሮ በሎንዶን በጥልፍ ሥራ ተቀጠረች፤ ሎሊ ለሕፃናት ሥዕል ታስተምር ነበር። በ1902 ሁለቱ ወደ አየርላንድ ተመልሰው፥ በደብሊን አጠገብ ኤቭሊን ግሊሰን ከተባለች ወዳጃቸው ጋር የእጅ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ሊሊ የጥልፉን ክፍል ያዘች፤ ሎሊ የእጅ ማተሚያ መኪና ገዝታ የአገሩን ልጃገረዶች እያስተማረች መጽሐፍ ታትም ጀመር። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1903 ወጣ፤ የወንድማቸው የዊልያም ግጥም ነበረ። በ1908 ተለይተው የራሳቸውን ድርጅት ኩዋላ ብለው ሰየሙት። የሚያትሙበት ወረቀት በአገሩ ወፍጮ ከተልባ እግር ጨርቅ ቍራጭ የተሠራ ነበረ። የቤቱ የመጀመሪያ አባት የተልባ እግር ጨርቅ ነጋዴ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ርስቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ቤተ ሰቡ እንደገና በጨርቅ ሊኖር ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን በጨርቁ ላይ ቃል ታተመበት።

ሽማግሌው አባት በታኅሣሥ ወር 1907 ለአጭር ጉብኝት ብሎ ከሊሊ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። ሊሊ በማግሥቱ ዓመት ተመለሰች፤ እርሱ ግን ዛሬ ነገ ሲል 14 ዓመት ቈይቶ በ1922 በዚያው ሞተ። አንድ የሥነ ጥበብ ወዳጅ በ1911 የራሱን መልክ እንዲሥል ከፍሎት ነበር፤ ያን ሥዕል እስኪሞት ድረስ እየፋቀና እየደገመ ሳይጨርሰው ቀረ። ለልጆቹ ያወረሳቸው ያላለቀ ሥዕል፥ ብዙ ደብዳቤና ብዙ ዕዳ ነው። ሆኖም ልጆቹ ከእርሱ አንድ ታላቅ ነገር ወስደዋል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ግጥምና ልብ ወለድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ስለ ነበረ፥ ቃል ከገንዘብ እንደሚከብር ያለ ጥርጥር አምነው አደጉ።

በዚህ እምነት የጠነከረው በኵሩ ዊልያም ነው። በ1904 በደብሊን የተከፈተውን የአቢ ቲያትር ከእመቤት ግሪጎሪና ከሌሎች ጋር ሆኖ መሠረተ፤ የአገሩን ተረትና ታሪክ በግጥምና በድርሰት አስነሣ። ከዘሩም ጋር ይሟገት ነበር። በ1914 እኅቱ ባተመችለት የግጥም መጽሐፍ መግቢያ ላይ የቀድሞ አባቶቹን እየጠራ፥ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲቃረብ ልጅ ስላልወለደ፥ ከመጽሐፍ በቀር የሚያሳያቸው ስለሌለው ይቅርታ ይለምናቸዋል። በዚህ ግጥም አንድ ስሕተት ነበረበት። በ1690 በቦይን ወንዝ በተደረገው ጦርነት አባቶቹ በካቶሊኩ በንጉሥ ጄምስ ወገን ሆነው እንደ ተዋጉ አድርጎ ጽፎ ነበር። በኋላ ግን የተሰለፉት በተቃራኒው ወገን መሆኑን ተረዳ፤ ግጥሙንም አረመ። የሚያኰራውን ትቶ እውነተኛውን መጻፍ ለባለቅኔም ለዘር ቈጣሪም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ይህን እርማት ከብዙ የምስጋና ግጥም አብልጬ አከብረዋለሁ።

በ1917 አገባ፤ ሴትና ወንድ ልጆችም ወለደ። በዚያው ዓመት በጎልዌይ አውራጃ ባሊሊ የሚባል ያረጀ ግንብ በ35 ፓውንድ ገዛ። ግንቡን የሸጠለት የባለርስቶችን መሬት እየገዛ ለገበሬ የሚያከፋፍለው የመንግሥት ቦርድ ነው። የባለርስት የልጅ ልጅ፥ ከባለርስቶች ርስት አንድ ግንብ በርካሽ ዋጋ ገዝቶ በውስጡ ግጥም ጻፈ። በ1923 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡ ለራሱ ዕዳና ለአባቱ ዕዳ መክፈያ ሆነ። ከ1862 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣው ሸክም በዚህ ዐይነት ከቤቱ ወረደ ማለት ይቻላል።

ከ1922 እስከ 1928 የነፃይቱ አየርላንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበረ። በ1925 ፍቺ የሚከለከልበት ነገር ሲቀርብ ተነሥቶ፥ ይህ የፕሮቴስታንቱን ወገን መብት የሚነካ ነው፥ ወገኖቻችንም ለዚህች አገር ታላላቅ ሰዎችን ያበረከቱ እንጂ የሚናቁ አይደሉም ብሎ ተናገረ። ከጠቀሳቸውም ስሞች አንዱ የቅድመ አያቱ ወዳጅ ኤሜት ነበረ። ንግግሩ ድፍረት አለበት፤ ትዕቢትም አለበት። ይኸው የዘር ኵራት በሽምግልናው ዘመን እየገነነ ሄዶ፥ ስለ ደምና ስለ ትውልድ ጥራት ዛሬ ሊቃውንት የሚነቅፉትን ነገር እስከ መጻፍ አደረሰው። ታላቅ ሰው ነው ብለን ይህን መሸፈን አይገባንም፤ የዘር ታሪክ ማር ብቻ አይደለም፤ አብዝተው ከጠጡት ራስ የሚያዞር ጠጅም ይሆናል።

ታናሽ ወንድሙ ጃክ በዘሩ አልተመካም፤ ከስላይጎ ገበያ፥ ከፈረስ እሽቅድምድምና ከመርከበኞች ጋር የዋለ ሠዓሊ ሆነ። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ጨዋታ ለሥነ ጥበብም ሽልማት ይሰጥ ነበርና፥ በ1924 በፓሪስ በደብሊን ወንዝ የሚደረገውን የዋና ውድድር በሚያሳየው ሥዕሉ የብር ሜዳይ አገኘ፤ ለነፃይቱ አየርላንድ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳይ እርሱ ነው። ጃክ በ1957 ዐረፈ። ከባለቅኔው ልጆች አን ሠዓሊ ሆነች፤ ማይክል የፖለቲካ ሰው ሆኖ ከ1969 እስከ 1973 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበረ። እርሷ በ2001፥ እርሱ በ2007 ዐርፈዋል። ሁለቱ ልጆች ከአባታቸውና ከአጎታቸው የደረሳቸውን የጽሑፍና የሥዕል ቅርስ አብዛኛውን ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ለሕዝብ የሥዕል ቤት አስረከቡ። ቅድመ አያቶቻቸው ከሕዝብ ዐሥራትና ኪራይ ይቀበሉ ነበር፤ እነርሱ ለሕዝብ ሰጡ። የዚህ ቤት ሒሳብ የተዘጋው በዚህ ይመስለኛል።

ባለቅኔው በጥር ወር 1939 በደቡብ ፈረንሳይ ሞቶ ሮክብሩን በምትባል መንደር ተቀበረ። ከመሞቱ በፊት በቤን ቡልበን ሥር፥ ቅድመ አያቱ በነበሩበት ደብር፥ እንዲያርፍ ፈቃዱን በግጥም ጽፎ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ። በመስከረም 1948 ግን የአየርላንድ የባሕር ኀይል መርከብ አፅሙን ጭና ወደ ጎልዌይ ወደብ አመጣች፤ ከዚያም በመኪና ወደ ድራምክሊፍ ተወስዶ በክብር ዐረፈ። በፈረንሳይ የነበረው መቃብር በመካከሉ ተነሥቶ ስለ ነበረ፥ የመጣው አፅም በእርግጥ የእርሱ ነውን የሚል ጥርጣሬ አለ፤ በ2015 የተገለጹ የፈረንሳይ ባለሥልጣኖች ደብዳቤዎችም ጥርጣሬውን አጠንክረውታል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ወደ መቃብሩ መሄዱን አልተወም። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ ባለቅኔውን ወደ ድራምክሊፍ የሳበው ዘሩ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡን ወደዚያ የሚስበው ግን አጥንቱ ሳይሆን ሥራው ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ የዚህ ቤት ታሪክ እስከ ዛሬ ሊነገር የቻለው፥ ሊሊ የአባቶችዋንና የእናቶችዋን ነገር በደብተር እየጻፈች ስላቆየች፥ ሌሎቹም ደብዳቤያቸውን ስላልጣሉ ነው። እያንዳንዳችን በየቤታችን አንድ ደብተር ልንከፍት እንችላለን። በዚያ ደብተር ስንጽፍ የርስቱን ስፋት ብቻ አንጻፍ፤ መሬቱ ከማን እጅ እንደ መጣ፥ ማን እንዳረሰው፥ ዕዳው ስንት እንደ ነበረና ማን እንደ ከፈለው ጭምር እንጻፍ። የአያቶቻችንን ስም ስንጽፍ የሴት አያቶቻችንን አንዝለል። ስሕተት ብናገኝ እንደ ባለቅኔው እንረም። የድራምክሊፍ ቄስ ለልጆቻቸው መሬት አውርሰው ነበር፤ መሬቱ አልፎ ሄደ። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ግን ሠርተው ያገኙትን ቃልና ሥዕል ለአገራቸው ሰጡ፤ ያም አላለፈም።